ከዲስክ ወደ ታይምላይን፦ የኤችዲ ዲስክ ቪዲዮን ለኤዲቲንግ ማዘጋጀት

(ባሕር ዳር ላይ ለቪዲዮ አንሺዎችና ለኤዲተሮች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ጥርና ሚያዝያ ሰርጉ ሲደራረብ ሚሞሪ ካርዱ ወዲያው ለሚቀጥለው ሰርግ ይፈለጋል። ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ደግሞ ቀድሞ የሚሰረዘው ክፍያው ያለቀለት ሥራ ነው። ጥሬው ቀረጻ በዚህ መንገድ ይጠፋና የሚቀረው ለባለቤቱ የተሰጠው ዲስክ ብቻ ይሆናል። ዓመታት አልፈው ቤተሰቡ ያንን ዲስክ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፦ የአባታችንን ምርቃት ለሙት ዓመቱ ቆርጣችሁ አውጡልን፣ የሰርጋችንን አሥረኛ ዓመት ልናከብር ነውና አሳጥሩልን ይላል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ያለ ፎቶ ቤት ይህን ሥራ ያውቀዋል።

ዲስኩ ግን ለማየት እንጂ ለመቁረጥ አልተዘጋጀም። ስለዚህ የዛሬው ጉዳይ ሁለት ሥራዎችን ለይቶ መያዝ ነው፤ አንዱ ማውጣት፣ ሌላው መቀየር። ስናወጣ ቪዲዮውን ምንም መንካት የለብንም። ስንቀይር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክለኛው ምርጫ መቀየር አለብን። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ጠቅታ በሚሠራ ፕሮግራም ስናዳብላቸው ነው።

መጀመሪያ ግን ዲስኩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ሽፋኑ ላይ «ፉል ኤችዲ» ተብሎ መታተሙ ምንም ማስረጃ አይሆንም። ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ ከትታችሁ ፎልደሩን እዩ። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ካያችሁ ተራ ዲቪዲ ነው፤ ምስሉ 720 በ576 ፒክሰል (ነጥብ) ነው፣ በምንም ዓይነት ኮንቨርተር ኤችዲ አይሆንም። ይህን ለደንበኛው ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ንገሩት። የተጠመቀ ጠላ ተመልሶ ጌሾና ገብስ አይሆንም።

«ቢዲኤምቪ» የሚል ፎልደር ካለ ኤችዲ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እውነተኛው ብሉሬይ ነው፤ ባለ አንድ ንብርብሩ 25 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለቱ 50 ጊጋባይት ይይዛል። የሚነበበው በ405 ናኖሜትር ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሌዘር ነው። የዲቪዲ ድራይቭ ሌዘር 650 ናኖሜትር ቀይ ስለሆነ ብሉሬዩን ጨርሶ አያነበውም፤ ባዶ ነው ወይም ተበላሽቷል ይላል። በዚህ ምክንያት ብቻ «ሞቷል» ተብሎ የተጣለ ደህና ዲስክ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ኤቪሲ ኤችዲ የሚባለው ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ፎርማት ሲሆን በተራ ዲቪዲ ላይ የኤችዲ ምስል ይጫናል። ይህን ማንኛውም የዲቪዲ ድራይቭ ያነበዋል፤ የቤት ዲቪዲ ማጫወቻ ግን አብዛኛው አያጫውተውም። በሴኮንድ 17 ሜጋቢት ከተቀረጸ ባለ 4.7 ጊጋባይቱ ዲስክ 35 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሰርግ በአራትና በአምስት ዲስክ ተከፋፍሎ ቢመጣላችሁ አትገረሙ፤ ሁሉም መምጣቱን ግን ቁጠሩ። ሌላው የዚህ ፎርማት ጠባይ አንዳንድ ካሜራ 1440 በ1080 አድርጎ መቅረጹ ነው። ፒክሰሉ ወደ ጎን የተለጠጠ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ይህን ካላወቀ ሙሽሮቹ ቀጥነውና ረዝመው ይወጣሉ። የፒክሰል ምጥጥኑን 1.333 በሉት፤ ይስተካከላል።

ከሱቅ የተገዛ የፊልም ብሉሬይ ላይ ኮፒ እንዳይደረግ የሚከለክል ኤኤሲኤስ የሚባል ቁልፍ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ዛሬ የምንናገረው ራሳችሁ ወይም ሌላ ስቱዲዮ ለባለቤቱ ጽፎ ስለሰጠው ዲስክ ነው፤ እሱ ላይ ቁልፍ የለም።

አሁን ወደ ማውጣቱ። ሙሉውን ፎልደር ወደ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ትልቁን ፋይል ብቻ መርጦ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። «ስትሪም» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ኤም2ቲኤስ ፋይሎች ምስሉንና ድምፁን ይይዛሉ። «ፕሌይሊስት» የሚለው ደግሞ የትኛው ፋይል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጫወት የተጻፈበት ነው። «ክሊፕ ኢንፍ» የእያንዳንዱን ፋይል ማውጫ ይይዛል። ትንንሾቹ ፋይሎች ብዙ ጊዜ የሜኑ ምስሎች ናቸው። ዋናው ፊልም ግን በአንድ ፋይል ላይኖር ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው ፕሌይሊስቱ ብቻ ነው።

ከካሜራ ካርድ በቀጥታ ወደ ዲስክ የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ቀረጻ በ2 ወይም በ4 ጊጋባይት ተቆራርጧል። ካርዱ የሚጠቀመው ፋት32 የተባለው የፋይል አያያዝ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ቁርጥራጮቹን ታይምላይን (የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የቅንብር መስመር) ላይ አንዱን ከአንዱ ብታስከትሏቸው መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ይዘላል ወይም «ጧ» ይላል። ካሜራው የሚቆርጠው የምስልና የድምፅ ፍሬም እስኪያልቅ ጠብቆ ስላልሆነ የአንዱ ፍሬም ግማሽ በመጀመሪያው ፋይል፣ ግማሹ በሁለተኛው ይቀራል። ቅዳሴ ወይም ረጅም ምርቃት ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። መፍትሔው ከመቀየራችሁ በፊት ማጋጠም ነው። ቲኤስ መክሰር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፕሌይሊስቱን ራሱን ከፍቶ ሁሉንም በቅደም ተከተል ወደ አንድ ፋይል ይገጥማል። እንደገና ኢንኮድ ስለማያደርግ (ስለማይጨምቅ) አንድ ቢት ጥራት አይቀንስም፤ የሚፈጀውም የኮፒ ጊዜ ያህል ነው።

ስለ ድራይቩ አንድ ነገር። በዩኤስቢ የሚሠራ ቀጭን የብሉሬይ ድራይቭ ዲስኩን ሲያስነሳ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር፣ የ3.0 ደግሞ 900 ይሰጣል። ድራይቩ እየተንኳኳ ከስክሪኑ ላይ ብቅ ጥልቅ ካለ ዲስኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሁለት ራስ ባለው ኬብል ሞክሩት። የብሉሬይ አንድ ጊዜ ፍጥነት የሚባለው 36 ሜጋቢት በሴኮንድ ነው፤ በዚያ ፍጥነት 25 ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት ያልፋል። ባለ 6 ጊዜ ፍጥነት ድራይቭ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ የዲስኩን የውስጥ ክፍል ሲያነብ ዝግ ስለሚል ማለት ነው።

ኮፒው አለ፤ ታዲያ ለምን በቀጥታ ኤዲት አናደርገውም? ሚዲያ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ፋይሉን ብትከፍቱት ኮዴኩ፣ ማለትም ቪዲዮው የተጨመቀበት ስልት፣ ብዙውን ጊዜ ኤች.264 ነው። ይህ ኮዴክ ሙሉ ፍሬም የሚያስቀምጠው ከግማሽ እስከ አንድ ሴኮንድ አንዴ ነው። በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከፊታቸውና ከኋላቸው ካለው የተለየውን ብቻ ይጽፋሉ። ማጫወቻው ወደ ፊት ብቻ ስለሚሄድ አይቸገርም። ኤዲተሩ ግን መሐል ላይ ጠቅ ባደረገ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ፍሬም ይፈልግና ከዚያ ጀምሮ እየፈታ ይመጣል። ሁለት ካሜራ፣ ጽሑፍና ቀለም ሲጨመርበት ታይምላይኑ ይንተፋተፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያስቀምጥ ፎርማት ያስፈልገናል። የታወቁት ሦስት ናቸው፦ የአፕል ፕሮሬስ፣ የአቪድ ዲኤንኤክስ እና ሲኒፎርም። ሦስቱም ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ፤ «ፕሮሬስ የማክ ብቻ ነው» የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል። ነጻ ከሆኑት ፕሮግራሞች ሸተር ኢንኮደር ሦስቱንም ያወጣል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ዲኤንኤክስንና ሲኒፎርምን ያወጣል።

የትኛውን ደረጃ እንምረጥ? ለ1920 በ1080፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው 184 ሜጋቢት በሴኮንድ ነው፤ አንድ ሰዓቱ 83 ጊጋባይት ይሆናል። ተራው ፕሮሬስ 422 ደግሞ 122 ሜጋቢት፣ በሰዓት 55 ጊጋባይት ነው። ኤልቲ የሚባለው 85 ሜጋቢት፣ በሰዓት 38 ጊጋባይት ነው። የዲኤንኤክስ ኤችዲ 120 ከተራው 422 ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዲስክ ለመጣ ቪዲዮ ኤችኪው ቦታ ማባከን ነው። ምንጩ ራሱ 8 ቢት ሆኖ፣ ቀለሙም ከምስሉ ሩብ ነጥብ ላይ ብቻ የተጻፈ ሆኖ፣ ፋይሉን ማሳበጥ ዝርዝር አይወልድም። ቀለም በብርቱ የምትነኩ ከሆነ 422፣ ቆርጣችሁ የምትገጥሙ ብቻ ከሆነ ኤልቲ ይበቃል። የአራት ሰዓት ሰርግ በ422 ወደ 220 ጊጋባይት መሆኑን ይዛችሁ ሃርድ ዲስካችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ፍጥነቱ አያሳስብም፤ 122 ሜጋቢት ማለት 15 ሜጋባይት በሴኮንድ ገደማ ስለሆነ ተራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክም ይሸከመዋል።

ሃንድብሬክን ብዙዎቻችሁ ትጠቀማላችሁ። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አልተሠራም። የሚሰጣችሁ መልሶ ኤች.264 ወይም ኤች.265 ነው፤ ማለትም ያንኑ ችግር፣ ጥራቱን አንድ ደረጃ ቀንሶ። በዚያ ላይ ፍሬም ሬቱን (በሴኮንድ የሚያልፉትን ፍሬሞች ብዛት) ተለዋዋጭ ካደረጋችሁት ኤዲቲንግ ላይ ድምፁ ከከንፈሩ እየራቀ ይሄዳል። የግድ ከሆነ «ኮንስታንት» የሚለውን ምረጡ።

አሁን ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ኢንተርሌስ። ብዙ የቪዲዮ ካሜራዎች በ50አይ (በሴኮንድ 50 ግማሽ ፍሬም) ይቀርጻሉ። አንድ ፍሬም ማለት ሁለት ግማሾች ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች በአንድ ቅጽበት፣ ሙሉ ቁጥሮቹ ከሃምሳኛ ሴኮንድ በኋላ ይነሳሉ። የቆመ ሰው ላይ ልዩነት የለውም። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ላይ ግን በሃምሳኛ ሴኮንድ ውስጥ ትከሻው ቦታ ለውጧል፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን የቀረጸ ሰው የፈረሱ እግር ላይ ይህን አይቶታል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ፍሬም አሳድጎ 50 ፍሬም ማውጣት ነው፤ እንቅስቃሴው እንደ ዋናው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ፋይሉ ግን እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው 25 ፍሬም ማውጣት ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ፈጣን ጭፈራው ግን ትንሽ ይቆራረጣል። ለጭፈራና ለፈረስ 50ን፣ ለንግግርና ለምርቃት 25ን እንመርጣለን። ፕሮግራሙ ምርጫ ካቀረበላችሁ ቢደብልዩዲአይኤፍ የሚለው ማጣሪያ ከቆየው ያዲፍ ይሻላል። በኤችዲ የሚቀድመው የላይኛው ግማሽ ነው፤ በድሮው ዲቪ ካሴት ግን የታችኛው ይቀድም ነበር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል፤ ይህን መንቀጥቀጥ ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ካሜራ በ25 ሙሉ ፍሬም ቀርጾ በ50አይ ከረጢት ይጠቀልለዋል። ሚዲያ ኢንፎ «ኢንተርሌስድ» ይላል፤ ምስሉ ግን አይደለም። እሱን ዲኢንተርሌስ ብታደርጉት (ግማሾቹን ለያይታችሁ ብታሳድጉት) ግማሹን ዝርዝር በከንቱ ትጥላላችሁ። ስለዚህ ጽሑፉን አትመኑ፤ ሰው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ፍሬም በፍሬም እየሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ማበጠሪያ ከሌለ አትንኩት።

ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ ካሜራ ደግሞ በ59.94 ወይም በ29.97 ይቀርጻል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ሙሉው ሥራ በ29.97 ከሆነ ታይምላይኑንም 29.97 አድርጉት። 25 ላይ ከጫናችሁት ፍሬም እየዘለለ ይሄዳል፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ይታወቃል።

ሌላው ነጭ ልብስ ነው። ሀበሻ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው፣ የካህናቱ ጥምጥም፤ ሰርጋችንም ጥምቀታችንም ነጭ በነጭ ነው። በ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ላይ ይቆማል። ብዙ ካሜራዎች ግን ፀሐይ ሲበረታ ከ235 አልፈው እስከ 255 ይጽፋሉ። የነጠላው እጥፋትና ጥለቱ ያለው በዚህ ትርፍ ውስጥ ነው። ኮንቨርተሩ 16–235ን ወደ 0–255 ሲለጥጥ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ ተቆርጦ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል፤ በኋላ ብታጨልሙት ግራጫ እንጂ እጥፋት አይመለስም። ስለዚህ ሲቀየር «ሌቭል» ወይም «ሬንጅ» የሚለውን እንደ ምንጩ ተዉት። ኤዲቲንግ ላይ ዌቭፎርሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ከፍታችሁ ከ100፣ ማለትም ከ235፣ በላይ የወጣውን ወደ ታች ሳቡ፤ ያን ጊዜ ጥለቱ ብቅ ይላል። ምስሉ አመድ ለብሶ ጥቁሩ ግራጫ ከሆነ፣ ወይም ጥቁሩ ሰምጦ የፀጉር ዝርዝር ከጠፋ፣ ስህተቱ እዚሁ ሬንጅ ላይ ነው።

ስለ ጢስ ዓባይም ላንሳ፤ የሰርግ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ እዚያ ያልፋልና። የሚበተን ውኃ ለኤች.264 እጅግ ከባዱ ምስል ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ በየፍሬሙ ይለዋወጣልና ከፊቱ ካለው ፍሬም የሚዋሰው ነገር የለም። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ራሱ ጢሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሰባብሮ ታገኙታላችሁ። መቀየሩ ይህን አያስተካክልም። «ሻርፕ» ከጨመራችሁበት ደግሞ አራት ማዕዘኖቹ ይጎላሉ። ጥቂት የምስል ጩኸት (ኖይዝ) ማጥፊያ፣ ያውም ጢሱ ባለበት ቁራጭ ላይ ብቻ፣ ይሻላል።

ድምፁን በአጭሩ። ዲስኩ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ዶልቢ ኤሲ-3 ነው። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ባዶ ከሆነ ሶፍትዌሩ ኤሲ-3 አያውቅም ማለት ነው። ያልተጨመቀ ፒሲኤም፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት አድርጉት፤ ስቴሪዮ ከሆነ በሰዓት 700 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ወደ ኤምፒ3 አትቀይሩ፤ የጸናጽሉ ቀጭን ድምፅ መጀመሪያ የሚሞተው እዚያ ነው። ካሜራው ባለ 5.1 ድምፅ ከነበረ ከፊት ያለ ሰው ንግግር የሚጻፈው በመሐለኛው ቻነል ላይ ነው፤ ግራና ቀኙን ብቻ ወስዳችሁ ከሆነ ጭብጨባው እየተሰማ መራቂው ዝም ይላል። ስድስቱንም ቻነል አውጡና መሐለኛውን ራሳችሁ አደባልቁት። ኤሲ-3ን የሚፈታ ፕሮግራም ዳይናሚክ ሬንጁን (በከፍተኛውና በዝቅተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት) የሚያጠብቅ ምርጫ ካለው አጥፉት፤ አለበለዚያ ከበሮው በተመታ ቁጥር ዝማሬው ወደ ውስጥ ይገባል።

መብራት መጥፋቱንም አስቡበት። ፕሮሬስ የሚቀመጥበት ኤምኦቪ ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ላይ መብራት ከሄደ 50 ጊጋባይት ይዛችሁ የማይከፈት ፋይል ይቀራችኋል። ዩፒኤስ ወይም ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ካልኖራችሁ ሥራውን በየ20 ደቂቃው ቁራጭ ከፋፍላችሁ በተርታ አሰልፉት፤ ቢጠፋ የሚጎዳው አንዱ ብቻ ነው። ስትከፋፍሉም ሳትቀይሩ የሚቆርጠውን ምርጫ ተጠቀሙ።

ከታዳሚው ሦስት ጥያቄዎች ተነስተዋል።

«ላፕቶፔ አይ3 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ ፕሮሬስም ይከብደዋል» ለተባለው፦ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ፣ ሥሩ። ፕሮሬስ ፕሮክሲ 38 ሜጋቢት፣ በሰዓት 17 ጊጋባይት ነው። በእሱ ቆርጣችሁ ጨርሳችሁ በመጨረሻ ከዋናው ጋር ታያይዙታላችሁ። የፋይሉ ስም፣ ፍሬም ሬቱና የድምፅ ቻነሉ ብዛት ከዋናው ጋር አንድ ካልሆነ ግን ማያያዣው አይሠራም። ዋናውን በ50 ፍሬም አውጥታችሁ ፕሮክሲውን በ25 ማድረግ የተለመደው ስህተት ነው።

«የተቀየረውን ወደ ፍላሽ ኮፒ ሳደርግ ቦታ እያለ ቦታ የለም ይለኛል» ለተባለው፦ ፍላሹ ፋት32 ነው። በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት፤ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

«ዲስኩ ተጭሯል፣ መሐል ላይ ኮፒው ይቆማል» ለተባለው፦ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ በክብ አትጥረጉ፣ ክቡ ጭረት መረጃው በተጻፈበት አቅጣጫ ስለሚሄድ ረጅም ክፍል ያጠፋል። ከዚያ በተራው ኮፒ አትታገሉ፤ ሊኑክስ ላይ ዲዲ ሬስኪዩ የሚባለውን ተጠቀሙ። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ የከበደውን ትቶ ያልፋል፣ የቀረውን ቦታ በካርታ ፋይል መዝግቦ በኋላ ይመለስበታል። ብሉሬይ ስህተቱን የሚያርመው በ64 ኪሎባይት ክምር ነው፤ በ25 ሜጋቢት አንድ ክምር ከአንድ ፍሬም ያነሰ ጊዜ ነው። ሆኖም ቅድም ባልነው ምክንያት የሚቀጥለው ሙሉ ፍሬም እስኪመጣ እስከ አንድ ሴኮንድ ምስል ሊበላሽ ይችላል፤ ያንን በሌላ ካሜራ ወይም በፎቶ ሸፍኑት። አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ሌላው ሊያነበው ስለሚችል ዲስኩን ወደ ሁለተኛ ድራይቭ አዛውራችሁ በዚያው የካርታ ፋይል እንደገና አስነሱት፤ የጎደለውን ብቻ ይሞክራል።